አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፤ የዝቋላው ጸሎተኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቀድሞ ናዝሬት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱንና ሞጆን ያልፋል። በዚያም መንገድ ላይ ሳለ ወደ ደቡብ ቢመለከት፥ በሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ አንድ ትልቅ ተራራ ያያል። የተራራው ስም ዝቋላ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2989 ሜትር ነው። ይህ ተራራ እጅግ በጥንት ዘመን ከሆዱ እሳት ይተፋ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ራሱ እንደ ገበታ ጎድጉዶ ቀረ፥ በጉድጓዱም ውስጥ ውሃ ተጠራቀመ። ስለዚህ ዛሬ በተራራው ራስ ላይ ክብ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ዙሪያ ጥድ በቅሏል፤ በጥዱም ላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል።

በዚህ ተራራ ላይ ከጥንት ጀምሮ ገዳም አለ። ዝናውም ባሕር ተሻግሮ ሩቅ አገር ደርሶ ነበር፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1460 ገደማ በቬኒስ ከተማ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም ይገኛል። ነገር ግን ዝቋላን ያስከበረው ቁመቱ አይደለም። ከእርሱ የሚበልጡ ተራሮች በአገራችን ብዙ ናቸው። ዝቋላን ያስከበረው በላዩ ላይ ጸለየ የሚባለው አንድ ሰው ነው።

የዚህ ሰው ስም ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ትርጓሜውም የመንፈስ ቅዱስ አገልጋይ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ስሙን አሳጥሮ አቦ ይለዋል። የሕይወቱ ታሪክ የሚገኘው በግዕዝ በተጻፈው ገድሉ ውስጥ ነው። ገድሉም የተጻፈው ጻድቁ ከኖረበት ዘመን ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የታሪክ ሊቃውንት እየመረመሩ ያነቡታል፤ ምእመናን ግን በእምነት ይቀበሉታል። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ገድሉና የአገሩ ሰው እንደሚተርኩት የተነገረ ነው።

ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተወለደው በግብፅ አገር ንሒሳ በምትባል ስፍራ ነው። የአባቱ ስም ስምዖን፥ የእናቱም ስም አቅሌስያ ይባላል። እነዚህ ሰዎች ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን ሲያዝኑ ኖረው ነበር፤ በመጨረሻም በጸሎታቸው ይህን ልጅ አገኙ። ሕፃኑ እንደ ሌሎች ሕፃናት የእናቱን ጡት አልጠባም፤ ካደገ በኋላም እህል አልበላም፥ ውሃም አልጠጣም ይባላል። ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ መልአኩ ገብርኤል ከወላጆቹ ቤት ወስዶ ወደ ገዳም አደረሰው፤ በዚያም አባ ዘመደ ብርሃን የሚባሉ አባት ተቀብለው አሳደጉት።

አድጎም ክህነትን ከተቀበለ በኋላ ከሰው ተለይቶ ወደ በረሃ ገባ። በበረሃ ቤት አልነበረውም፤ ልብስም አልነበረውም። ነገር ግን የራሱ ጠጉርና ጽሕሙ አድጎ ሰውነቱን ሸፈነው፤ ይህም በብርድ ጊዜ ልብስ ሆነው። ባልንጀሮቹ አራዊት ነበሩ። ስድሳ አንበሶችና ስድሳ ነብሮች ሲከተሉት ይኖሩ ነበር። እነርሱም ሌላውን እንስሳ አይነጥቁም ነበር፤ ጻድቁ የረገጠውን አፈር እየላሱ ይጠግቡ ነበር ይባላል። ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲሥሉት ሰውነቱን በጠጉር ሸፍነው፥ ጽሕሙን ነጭና ረጅም አድርገው፥ እጆቹን ወደ ሰማይ አስዘርግተው፥ አንበሶችንና ነብሮችን በግራና በቀኝ አቁመው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባየ ጊዜ አቦ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል።

በግብፅ በረሃ ሦስት መቶ ዓመት ከኖረ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ታዘዘ። አንበሶቹና ነብሮቹም ተከተሉት። ወደ አገራችን የመጣው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው ይባላል፤ ላሊበላም የነገሠው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ጻድቁ ከተቀመጠባቸው ስፍራዎች ሁለቱ ይልቁንም የታወቁ ናቸው። አንዱ በጉራጌ አገር በሶዶ ያለው ምድረ ከብድ ነው፤ ሁለተኛው ዝቋላ ነው።

ወደ ዝቋላ በወጣ ጊዜ የአገሩን ሰው ኃጢአትና መከራ አየ፥ እጅግም አዘነ። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ገብቶ ራሱን ወደ ታች፥ እግሩን ወደ ላይ አድርጎ መጸለይ ጀመረ። የሚጸልየውም ስለ ራሱ አልነበረም። እግዚአብሔር የኢትዮጵያን ሰዎች ይቅር እስኪልለት ድረስ ከውሃው እንዳይወጣ ቁርጥ ሐሳብ አድርጎ ነበር። በክረምት ዝናቡ፥ በበጋም የሌሊቱ ብርድ አላስወጣውም። እንዲህ ሆኖ መቶ ዓመት ቆየ፤ ምሕረት እንደ ተሰጠ ባወቀ ጊዜም ወጣ።

ስለ እርሱ ከሚነገረው ሁሉ ልጆች አብልጠው የሚወዱት የወፊቱን ታሪክ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ እጅግ በረታ፥ ምድሩም ሁሉ ደረቀ። አንዲት ወፍ በውሃ ጥም ተይዛ መብረር ተሳናት፥ ከጻድቁም አጠገብ ወደቀች። እርሱም ባያት ጊዜ ራራላት። ነገር ግን የሚሰጣት ውሃ በእጁ አልነበረም። ስለዚህ ከዓይኑ የሚፈሰውን እንባ እንድትጠጣ ፊቱን ሰጣት፤ ወፊቱም ጠጥታ ዳነች። ስለዚህ በብዙ ሥዕሎች ላይ በዓይኑ አጠገብ አንዲት ወፍ ትታያለች። ስለ አገር ሁሉ የሚጸልየው ሰው አንዲት ትንሽ ወፍ እንኳ በፊቱ እንድትሞት አልፈቀደም።

በመጨረሻም የሕይወቱ ዘመን ሁሉ 562 ዓመት በሆነ ጊዜ በመጋቢት 5 ቀን ዐረፈ ይባላል። ይህ የዘመን ቍጥር ከሰው ልማድ የወጣ ነው፤ ገድሉ ግን እንዲህ ይቈጥራል። ስለዚህ በየወሩ 5ኛው ቀን የአቦ ቀን ተብሎ ይከበራል። የመጋቢት በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል፥ በጥቅምት 5 ቀንም ሌላ ታላቅ በዓል ይደረጋል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች ከሩቅም ከቅርብም እጅግ ብዙ ሰው ወደ ዝቋላ ይወጣል። አንዳንዱ በእግሩ፥ አንዳንዱ በበቅሎ፥ ዛሬም ብዙው በመኪና ይሄዳል። አማርኛ የሚናገርና ኦሮምኛ የሚናገር በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከሐይቁም ውሃ እንደ ጸበል በዕቃ ቀድቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ አለ።

ከሚወጡትም ሰዎች መካከል ሁሉም አንድ ልብ የላቸውም። የታመመ ልጅ ያላት እናት ስለ ልጅዋ እያለቀሰች ትወጣለች። ስእለት ያለበት ስእለቱን ሊያደርስ ይወጣል። ሌላው ግን ሥራ ያደከመው ሰው ነው፤ ከባልንጀሮቹ ጋር መዝፈንን፥ የተራራውን ነፋስ መቀበልን፥ ሐይቁን ማየትን ይወዳል። ስለ ነፍሱ ጥቂት ይጠይቃል፥ ጥቂት ይጸልያል፥ ብዙም ይስቃል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔርን መፈለግ የዕረፍት ቀን ደስታ ነው።

በየመንደሩም ያለው የጽዋ ማኅበር ይህንኑ ይመስላል። በአቦ ስም የተሰበሰቡ ጎረቤቶች በየወሩ በ5ኛው ቀን በተረኛው ቤት ይገናኛሉ። ባለቤቱ ዳቦ ይጋግራል፥ ጠላ ይጠምቃል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፥ ዳቦውንም ይባርካል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ ሥርዓት የሚያስጠብቅ እርሱ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ጨዋታ ይመጣል። ሽማግሌዎች የድሮ ነገር ያወራሉ፤ የተጣሉ ሰዎች ይታረቃሉ፤ ሳቅም ይበዛል። ሲመሽም ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፥ እርሱም በክብር ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ይህን ያየ ልጅ አንድ ነገር ሊያስደንቀው ይችላል። እህል ያልቀመሰው ሰው በዳቦ ይታሰባል፤ ውሃ ያልጠጣው ሰው በጠላ ይታሰባል፤ መቶ ዓመት በሐይቅ ውስጥ ብቻውን የተሠቃየው ሰው በጨዋታና በሳቅ ይታሰባል። እንግዲህ ማኅበርተኞቹ ያጠፋሉን? ዳገቱን እየዘፈነ የሚወጣውስ ሰው በከንቱ ይደክማልን?

በከንቱ አይደለም። ደስታ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር በፍቅር መብላትም መልካም ነገር ነው። ሰው ሁሉ ወደ በረሃ ቢገባ የሚያርስና ልጅ የሚያሳድግ አይገኝም። እንደ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያለ ኑሮ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው። ነገር ግን ከታሪኩ ውስጥ ለሁሉ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ጻድቁ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ሲኖር ሰውን አልረሳም። በውሃው ውስጥ የቆየው ስለ ሌሎች ነው፤ እንባውንም የሰጠው ለተጠማች ወፍ ነው። ለእርሱ እግዚአብሔርን መፈለግ ማለት የሌላውን ጥም መመልከት ጭምር ነበር።

ስለዚህ የማኅበር ቀን በደረሰ ጊዜ በደጅ የሚቆመውን ድሀ ማየት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ዳቦው ተቈርሶ፥ ጠላውም ተቀድቶ፥ ጨዋታው ደምቆ ሳለ፥ በደጅ አንድ የተራበ ሰው ቢቆም፥ ማኅበሩ በእውነት የአቦ ማኅበር መሆኑና አለመሆኑ በዚያች ሰዓት ይታወቃል። ለድሀው ተነሥተው ከዳቦው ቈርሰው ቢሰጡት፥ ሳቃቸውና ጨዋታቸው የተባረከ ነው። ሳያዩት ቢቀሩ ግን ስሙን ጠሩ እንጂ ሥራውን አልያዙም። ከዝቋላ የሚወርደውም ሰው እንዲሁ ነው። ተራራው ላይ የሠራው በተራራው ላይ አይታወቅም፤ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከሚስቱ፥ ከሎሌው፥ ከባለዕዳው ጋር በሚኖርበት ኑሮ ይታወቃል።

ዝቋላ ዛሬም በሜዳው መካከል ቆሟል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ልጅ ተራራውን ባየ ጊዜ ስድሳዎቹን አንበሶችና ስድሳዎቹን ነብሮች ያስብ ይሆናል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ወፊቱንም ደግሞ ያስብ። አንበሳን ማስከተል ለማንም አይቻልም፤ ለተጠማ ውሃ መስጠት ግን ለትንሽ ልጅም ይቻላል።