የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ፤ ከባርነት እስከ ነጻነት

ሰው እንደ ከብት ይሸጥ በነበረበት ዘመን ከአገራችን ደቡብና ምዕራብ ተፈንግለው ወደ ባሕር ከተነዱት ሕፃናት የብዙዎቹ ስም ጠፍቶአል። ስማቸው ከተረፈላቸው ጥቂቶች አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። የጉጂ ሰዎች ወደ ዲላ ገበያ ሲወጡ የሚነጋገሩበት የኦሮሞ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ያገኘው በዚህ የቀድሞ ባሪያ ድካም ነውና፥ ታሪኩን ማወቅ ለጌዴኦ ምእመንም ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሑሩሙ አጠገብ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሒካ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም አስተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ በአራት ዓመቱ ሞተበት። ኋላም ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ በስምንት ሰዎች እጅ ካለፈ በኋላ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ባሕሩን መሻገር ብቻ ነበር። ነገር ግን በ1870 ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት እንደ ወንድም ይቀበሉት ዘንድ የለመነለት የባሪያው ስም ነው፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ ማለት ነው።

ወደ ስዊድን ተሻግሮ አምስት ዓመት ከተማረ በኋላ በዚያ ተደላድሎ መኖርን አልመረጠም፤ ልቡ ወደ ተነጠቀበት አገር ነበረ። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከረ፤ እስከ አሶሳ ደርሶ ተመለሰ፥ በመንገድም በንዳድ ታመመ፤ የማህዲ ጦርነትም መንገዱን ዘጋ። ሁለተኛ በ1886 እስከ እንጦጦ ቢደርስም ማለፊያ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጦ ለመተርጐም ተነሣ።

በዚህም ጊዜ ባርነት የወሰደበት ነገር ተገለጠለት። በልጅነቱ ከወገኖቹ ስለ ተለየ የገዛ ቋንቋው ቃል ያጥረው ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት፤ እርስዋም ባሪያ ሆና ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ነጻ የወጣች ልጅ ነበረች። ቃላትን ሰበሰበች፤ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ከአፍ ወደ ጽሕፈት አገባች፤ በ1894ም የሁለቱ ድካም የሆነ የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምት ገባ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሉት። ሕዝቡን በቋንቋው ማስተማር በጀመረ ጊዜ ግን በአገሩ ካህናት ዘንድ ቅሬታ ተነሣ። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሰ፥ እንዲሰደድም ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቅልለው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ መስበክን ግን ከለከሉት። ከሰንሰለት የወጣው ሰው በገዛ ወገኖቹ መካከል ዝም በል ተባለ። እርሱ ግን አገሩን ትቶ አልሄደም። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሰጡት፤ ከዚያም እስኪሞት ድረስ አስተማረ።

ያረፈው ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር፥ በአውሮፓውያን 1931 ነው። በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ ግን የወጣው በ1942 ስለ ሆነ እርሱ አላየውም።

ሙንዚንገር ከጌታ እጅ አወጣው፤ የተነጠቀውን ቋንቋ ለማስመለስ ግን የራሱና የአስቴር የብዙ ዓመት ድካም አስፈለገ። ሕዝብ በማይሰማው ቃል ሲነገረው ያው እንደ ምርኮኛ በባዕድ ጌታ ፊት እንደ መቆም ነው። ስለዚህ ካህን በሚያስተምርበት ቦታ ሁሉ፥ ጌዴኦውም ጉጂውም አማራውም በተሰበሰበበት ጉባኤ፥ የሚሰማው ሰው ያስተውል ዘንድ ቋንቋውን መጠየቅ ይገባዋል። ሒካ በስሙ የተጠራበትን ሥራ ፈጽሞአልና።