አርኖልድ ኬግል፦ ስማቸው ለእንቅስቃሴ የተሰጠው የማህፀን ሐኪም

ነፍሰ ጡር ከሆኑና መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ካለብዎ፣ የኬግል እንቅስቃሴ ይሥሩ ተብለው ይሆናል። ኬግል የሰው ስም ነው።

አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ ተወለዱ። የማህፀን ሐኪም ሆነው በሎስ አንጀለስ ሠሩ፤ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። በዘመናቸው ከወሊድ በኋላ ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ምርጫዋ ወይ ቀዶ ሕክምና ወይ ችሎ መኖር ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸውም ችግሩ የሚመለስባቸው ነበሩ። ኬግል ግን ጡንቻውን ተመለከቱ። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከታች ደግፎ የያዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ እንደ ክንድ ጡንቻ ሁሉ ካልሠራ ይሰንፋል፣ ከሠራ ይጠነክራል ብለው አሰቡ። በእንግሊዝ አገር ከእሳቸው በፊትም ይህን ያስተማሩ ነበሩ።

አስቸጋሪው ነገር ጡንቻው አለመታየቱ ነው። ብዙ ሴቶች ጨምቂ ሲባሉ ሆዳቸውን ወይም መቀመጫቸውን ይጨምቃሉ፤ እኔም በምርመራ ክፍሌ የማየው ይህንኑ ነው። ኬግል ለዚህ ፔሪኒዮሜትር የተባለ መሣሪያ ሠሩ፤ ወደ ብልት የሚገባ አየር የያዘ ጎማና ከእሱ ጋር የተያያዘ የግፊት መለኪያ ነው። ሴትየዋ ጡንቻዋ ምን ያህል እንደሠራ መርፌው ሲነሣ በዓይኗ ታያለች። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያሠሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራቸውን በሕክምና መጽሔት አሳተሙ፤ እንቅስቃሴው በዓለም ተሰራጨ። በእኔ ግምት ግን ስማቸው ሲስፋፋ፣ ጡንቻው በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥ የሚለው ዋናው ነገር ወደ ኋላ ቀረ።

ኤም ኤስ ላለባት ሴት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኬግል ያከሙት በአብዛኛው በወሊድ ጡንቻቸው የላላ ሴቶችን ነው። በኤም ኤስ ግን የሚታወከው ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ነው። የአንዷ ጡንቻ ሲላላ፣ የሌላዋ ተወጥሮ አልፈታ ይላል፤ ሽንቷ ለመጀመር ይዘገያል፣ ሸንታም ያልጨረሰች ይመስላታል። ለእሷ የሚያስፈልገው መጭመቅ ሳይሆን ማላላትን መማር ነው። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የትኛው እንደሆነ በሐኪም ወይም በፊዚዮቴራፒስት ይታወቅ። ታካሚዎቼ ይህን የሚነግሩኝ ብዙ ጊዜ ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ ነው፤ እርስዎ መጀመሪያ ይንገሩ።

ይሥሩ ከተባሉ፣ ሲጨምቁ ትንፋሽ አይያዙ፤ ከእያንዳንዱ ጭመቃ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ድካም ካለብዎ የኬግልን ሃያ ደቂቃ ይተዉት፣ ጥቂት ጥቂት አድርገው ቀኑን ይከፋፍሉት። ሽንት መሃል ላይ ማቋረጥን ልምምድ አያድርጉት።

ሽንት ካቃጠለዎ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ወደ ኩላሊት ሊወጣና ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል፤ የኤም ኤስ ምልክቶችንም ያባብሳል። ቤተሰብም ይህን ካየ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዳት።