ለልጅ የሚተርፍ ርስት

አንባቢ ሆይ፤ ቀድሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አባት ርስቱን ለልጁ አሳይቶ፣ ድንበሩንም አስታውቆ ይሞት ነበር። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን በአገርህ ሌላ ርስት ደግሞ እንዳለ ታውቃለህ፤ ድጓን ሊያስመሰክር የሚሻ ደቀ መዝሙር ከሩቅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣልና። የዕውቀት ርስት ድንበር የለውም። ይህም ርስት ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንዲተላለፍ ታስተውል ዘንድ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት በአጭሩ እነግርሃለሁ።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክህነትን ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያም በጸሐፊነት መንግሥትን አገለገሉ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋራ ወደ ሎንዶን ሄዱ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመት ግን መጽሐፍን አላስረሳቸውም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝራቸውን አሳተሙ፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ።

በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ነው። ወዳጄ ሆይ፤ ይህን ስም ልብ ብለህ ተመልከት። ለልጁ ምክርን ያላስቀረ አባት ለራሱም መታሰቢያ እንደማይኖረው ያስታውቃልና። ኅሩይም ይህን በጽሕፈት ብቻ አላስቀሩትም፤ ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በኬምብሪጅ፣ ሲራክም በኦክስፎርድ ተማሩ።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሪቱን በያዘ ጊዜ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ፈቃደ ሥላሴን ገደሉት። አባቱም በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ዐረፉ። ቤቱም፣ ሹመቱም፣ አገሩም ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። እንግዲህ ለሲራክ ምን ቀረለት?

መጽሐፍን መውደድ ቀረለት። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሲራክ የእንግሊዙን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን ሥራ፣ ራሴላስ የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ፣ ወደ አማርኛ መልሶ አሳተመ። ጆንሰን ራሱ የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ ነበረ፤ ይህንም መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1759 እናቱ በሞተች ጊዜ የቀብሯን ወጪ ለመክፈል ጻፈው። ስለዚህ በመጻሕፍት መካከል ያደገ ልጅ የጻፈውን፣ በመጻሕፍት መካከል ያደገ ሌላ ልጅ ለወገኖቹ አደረሰላቸው።

አንባቢ ሆይ፤ ልጅህን እንዲያነብ ማዘዝ ቀላል ነው። አባቱን መጽሐፍ ይዞ አይቶት የማያውቅ ልጅ ግን ትእዛዙን እንደ ቅጣት ይቈጥረዋል። ስለዚህ ማታ በመብራት አጠገብ ጥቂት ገጽ አንብብለት፤ የተረዳውንም ጠይቀው። ፊደል ያልቈጠርህ እንደ ሆንህም አትፈር፤ ልጅህ ያንብብልህ፣ አንተም በትዕግሥት ስማው። አባቱ ወይም እናቱ ደስ ብሏቸው የሰሙትን ንባብ ልጅ አይተወውም። መሬት በወንድማማች መካከል ሲከፈል ያንሳል፤ ይህ ርስት ግን በተከፈለ ቍጥር ይበዛል።