ዶክተር ማርሴል ጁኖ፦ ያለ ጠመንጃ ጦር ሜዳ የገቡት ሐኪም

ልጆች፣ ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሐኪም የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ግን ኢትዮጵያን በክፉ ቀኗ አይተዋታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሴል ጁኖ በ1904 ኑሻቴል በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለዱ። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደዚያ ላካቸው። ያኔ ገና የ31 ዓመት ወጣት ነበሩ።

የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ድንኳን እንዳይመታ ሕግ ነበረ። ቢሆንም ዲሴምበር 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን በቦምብ ደበደቡት። በማርች 1936 ደግሞ ዶክተሩ ኮረም አካባቢ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይናቸው አዩ። ጋዝ ወታደርና ገበሬ አይለይም። ኮሚቴው ግን ገለልተኛ ነኝ ብሎ ያወቀውን ለመንግሥታቱ ማኅበር አልሰጠም። ገለልተኛ መሆንና ዝም ማለት አንድ ነው እንዴ? ወላጆች፣ እስቲ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

በሜይ 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ጣሊያን ሳይገባ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ሰውም ተገደለ። ይኼን ያደረገው የራሳችን ሰው ነው። ጁኖ ይህንንም አይተዋል።

ብዙም ሳያርፉ በዚያው ዓመት ስፔን ገቡ። እዚያ ወንድም ከወንድሙ ይዋጋ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ሰላማዊ ሰዎችን፣ ሴቶች ሳይቀሩ፣ በመያዣነት ያስሩ ነበር፤ ብዙዎችም ተረሸኑ። ዶክተሩ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየተመላለሱ፣ "እናንተ እነዚህን ፍቱ፣ እነሱም የእናንተን ይፍቱ" ዓይነት ድርድር ያዙ። ከቢልባኦ ከ100 በላይ ሴቶች ተፈትተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወጡ። ሌላው ወገን ግን በምላሹ የሚፈታቸውን እስረኞች አዘገየ። ዘመዶቻቸውን ወደሚጠብቁት ሰዎች ባዶ እጅ መመለስ የእሳቸው ዕዳ ሆነ! ቢሆንም ድርድሩን አልተዉም። በዚያ ጦርነት ቀይ መስቀል ለተለያዩ ቤተሰቦች 5 ሚሊዮን ያህል አጫጭር መልእክቶችን አድርሷል።

በሴፕቴምበር 1945 በአቶም ቦምብ ወደጠፋችው ሂሮሺማ ከ10 ቶን በላይ መድኃኒት ይዘው ሄዱ፤ ሕመምተኞችንም አከሙ። ያዩትን ሁሉ፣ የኢትዮጵያውንም ጭምር፣ በ1947 በመጽሐፍ አወጡት። በፈረንሳይኛ ርእሱ "ሦስተኛው ተዋጊ" ማለት ነው፤ ሁለት ወገኖች ሲዋጉ በመካከላቸው የሚገባው ማለታቸው ነው።

ዶክተር ጁኖ በ1961 ጄኔቫ ውስጥ አረፉ። ሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ ውስጥ በ1979 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል።