ፊቱን ሳይፈታ ዓለምን ያሣቀ ሰው
የባስተር ኪተን የሕይወት ታሪክ

ቀልድ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ አድማጩን ሳይቀድም አይሥቅም ቢባል ሐሰት ነው፤ አስቀድሞ የሚሥቀው ራሱ ነው። ባስተር ኪተን የተባለው አሜሪካዊ የሲኒማ ተዋናይ ግን ፊቱን ሳይፈታ ሰውን ሁሉ ያሣቀ ነበረ።

ኪተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1895 በካንሳስ ግዛት ፒኳ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በመድረክ የሚጫወቱ ስለ ነበሩ፣ እርሱም ገና በሕፃንነቱ ከእነርሱ ጋራ መጫወት ጀመረ። አባቱ በጨዋታው መካከል አንሥቶ ሲወረውረው ልጁ የሣቀ እንደ ሆነ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ምንም እንዳልደረሰበት ኮስተር ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ ግን አዳራሹ በሣቅ ይሞላል። ኪተን ሙያውን የተማረው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮስኮ አርበክል ከተባለው ታዋቂ አሣቂ ጋራ ፊልም መሥራት ጀመረ። በ1918 በውትድርና ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1920 እስከ 1923 ባለው ጊዜ ድምፅ የሌላቸው 19 አጫጭር ፊልሞች በራሱ መሪነት ሠራ።

ከእነዚህም አንዱ በ1920 የወጣው «አንድ ሳምንት» ነው። ሁለት ሙሽሮች በየሣጥኑ ተከፋፍሎ የመጣ ቤት ይሰጣቸዋል። ሙሽራዪቱን ሊያገባ ፈልጎ ያልተሳካለት ሰው የሣጥኖቹን ቍጥር ስለ ለወጠው ቤቱ ተጣሞ ይሠራል፤ ዐውሎ ነፋስም እንደ እንዝርት ያሽከረክረዋል። በኋላም በሰው ቦታ ላይ መሠራቱ ስለ ታወቀ ሲጐትቱት በባቡር ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል። አንድ ባቡር ይመጣና በሌላው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ሲሉ ሁለተኛው ባቡር ከወዲያ መጥቶ ቤቱን እንክትክቱን ያወጣዋል። ባልየው ግን አልጮኸም፤ በፍርስራሹ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ማስታወቂያ አቁሞ፣ የአሠራሩን መመሪያ ጨምሮበት፣ ከሚስቱ ጋራ መንገዱን ቀጠለ።

ኪተን በራሱም ኑሮ እንዲህ ያለ ባቡር አልቀረለትም። በ1928 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ለተባለው ትልቅ የፊልም ድርጅት ተቀጠረ፤ እንደ ፈቀደ የመሥራት ነጻነቱም ተወሰደበት። ትዳሩ ፈረሰ፣ መጠጥም አሸነፈው፤ በ1933 ከሥራው ተሰናበተ። ይሁን እንጂ ሥራ አልናቀም። መሪ የነበረው ሰው ለሌሎች ተዋንያን ፊልም ቀልድ እየፈጠረ ኖረ። ውሎ አድሮ የጥንት ፊልሞቹ እንደገና መታየት ጀመሩ፤ በ1960 ም የክብር ኦስካር ሽልማት ተሰጠው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በተወለደ በ70 ዓመቱ በካሊፎርኒያ ዐረፈ።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ተማሪዎች፣ የምንሠራው ቤት ሁሉ ቀጥ ብሎ እንደማይቆምልን የታወቀ ነው። የቍጥሩን መለወጥ የምናውቀውም ምናልባት ቤቱ ከተጣመመ በኋላ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ይህን ኮስታራ ሰው ብናስታውሰው ይጠቅመናል፤ መውደቁን ሁሉም አይቶታልና፣ ተመልካች የሚጠብቀው አነሣሡን ነው።