የማይናገሩ ሕሙማን ሐኪም (የጄምስ አልፍሬድ ዋይት የሕይወት ታሪክ)

የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያመለክታል፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረውና ምን ምን እንደሚሰማው በአንደበቱ ይናገራል። እንስሳ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ላም ስትታመም ከመንጋው ተነጥላ ትቆማለች፤ ማመስኳቷን ትተዋለች፤ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፤ ከዚህ በላይ የምትናገረው የለም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ አስተዋይ መሆን አለበት። በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶና በጆሮው አዳምጦ ሕሙሙ ያልነገረውን እንዲያውቅ ይጠበቅበታል።

ይህን አስተዋይነት በመጀመሪያ ለሕክምና፣ በኋላም ለድርሰት ሥራ ያዋለ አንድ የገጠር ሐኪም በእንግሊዝ አገር ነበር። ስሙ ጄምስ አልፍሬድ ዋይት ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ግን ጄምስ ሄሪየት በተባለው የብዕር ስሙ ነው። በመጻሕፍቱ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የገጠር ከብት ሐኪሞችን ድካምና ደስታ በብዙ አገሮች ለሚገኙ ተመልካቾች አሳይቷል። የዚህን ሰው ሕይወት ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዋይት ኦክቶበር 3 ቀን 1916 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በሰንደርላንድ ከተማ ተወለደ። ገና የሦስት ሳምንት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በግላስጎው ከተማ ስለ ተቀመጡ፣ ያደገውና የተማረው በዚያ ነው። አባቱ በመርከብ መሥሪያ ቦታ የሚሠራ፣ በሲኒማ ቤቶችም ፒያኖ የሚጫወት ሰው ነበር። እናቱ ደግሞ የመዝፈን ተሰጥዎ ያላት ስትሆን በልብስ ስፌት ቤተሰቡን ትረዳ ነበር። ወላጆቹ ባለጠጎች ባይሆኑም አንድ ልጃቸውን ለማስተማር ከመድከም አልቦዘኑም።

ዋይት የእርሻንም ሆነ የከብት እርባታን ኑሮ የማያውቅ የከተማ ልጅ ነበር። ከእንስሳት ጋር ያስተዋወቀው ዶን የተባለው ውሻው ነው። ከዚህ ውሻ ጋር በከተማው ዙሪያ ወዳሉት ኮረብታዎች እየወጣ ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ገና ልጅ ሳለ በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ ስለ እንስሳት ሕክምና ሙያ የተጻፈ ጽሑፍ አነበበ፤ በኋላም የወደፊት ሥራው ይህ እንዲሆን ቈረጠ። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ሙያው ተስፋ ያለው አይመስልም ነበር። የከብት ሐኪሞች ዋና መተዳደሪያ የነበረው ፈረስ በመኪናና በትራክተር እየተተካ ሄዶ ነበር። ገበሬውም በዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ተጐድቶ ስለ ነበር ለሐኪም የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ሐሳቡን አላስለወጠውም። በ1933 በግላስጎው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ገባ። ትምህርቱን ግን በቀላሉ አልፈጸመውም። አንዳንድ ፈተናዎችን ወድቆ እንደገና ለመፈተን ተገዷል፤ በአንጀቱ መጨረሻ ላይ ይነሣበት የነበረ ሥር የሰደደ ቁስልም ደጋግሞ አልጋ ላይ ጥሎታል። ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ በዲሴምበር 1939 ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር።

በተወለደበት በሰንደርላንድ ለጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ፣ በጁላይ 1940 በዮርክሻየር አውራጃ ወደምትገኘው ተርስክ ወደምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ሄደ። በዚያ በከርክጌት መንገድ በቍጥር 23 ቤት ዶናልድ ሲንክሌር የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። ሲንክሌር ለጋስና ቸኳይ፣ ጠዋት የተናገረውን ከሰዓት በኋላ የሚረሳ፣ ነገር ግን የሙያ ብቃት ያለው ሰው ነበር። ዋይትን ከቀጠረ በኋላ ወዲያው ወደ አየር ኃይል ስለ ሄደ፣ አውራጃውን ገና በቅጡ ያላወቀው ወጣት ሐኪም ሥራውን ሁሉ ብቻውን ተሸከመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲንክሌር ተመልሶ መጣና ሁለቱ አብረው መሥራት ቀጠሉ። ይህም የሥራ ጓደኝነት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ ዘለቀ።

የዚያ ዘመን የገጠር ሐኪም ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ስልኩ በማናቸውም ሰዓት ይደውላል። በክረምት ሌሊት፣ በረዶ መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ ምጥ የጠናባት ላም አለች ተብሎ ይጠራል። ሐኪሙ በአሮጌ መኪናው ኮረብታውን ወጥቶ ከበረቱ ይደርሳል፤ ሸሚዙን አውልቆ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም በቀዝቃዛው የድንጋይ ወለል ላይ ተኝቶ በላሚቱ ማሕፀን ውስጥ የተጣመመውን ጥጃ ለማቃናት ይታገላል። ጥጃው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንደ ሆነ ወይም እግሩ ታጥፎ እንደ ሆነ የሚያውቀው በጣቶቹ ዳሰሳ ብቻ ነው። ይህ ትግል አንዳንድ ጊዜ ሰዓታትን ይወስዳል። በመጨረሻ ጥጃው ሕያው ሆኖ ሲወጣና እናቲቱ ስትልሰው ድካሙ ሁሉ ይረሳል፤ ሞቶ ሲወጣ ደግሞ የገበሬው ጥሪት እንደ ጐደለ ሐኪሙ ያውቃል።

መድኃኒቱም ቢሆን እንደ ዛሬው አልነበረም። ዋይት ሥራ በጀመረበት ጊዜ ፔኒሲሊን ለከብት ሕክምና ገና አልደረሰም። ሐኪሞች ብዙዎቹን መድኃኒቶች ራሳቸው እየበጠበጡ ያዘጋጁ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቅማቸው ያጠራጥር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በመጀመሪያ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ከጦርነቱም በኋላ ፔኒሲሊን መጡ። እንደሚሞቱ የታወቁ ከብቶች በአንድ ሌሊት ተሽሏቸው መነሣት ጀመሩ። ዋይት የአሮጌው ሕክምና የመጨረሻ፣ የአዲሱም የመጀመሪያ ምስክር ነበር ማለት ይቻላል።

ከሥራው መካከል አሰልቺው፣ ነገር ግን ለሰው ጤና እጅግ የጠቀመው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው። ይህ በሽታ ከታመመች ላም በወተት አማካይነት ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ይተላለፍ ነበር። ሐኪሙ በላሚቱ አንገት ቆዳ ውስጥ ጥቂት መድኃኒት ይወጋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ቆዳው ምን ያህል እንዳበጠ ይለካል። በሽታው የተገኘባት ላም ከመንጋው ትወገዳለች። ዋይት በኖቬምበር 5 ቀን 1941 ጆዋን ዳንበሪ የተባለችውን ወጣት ባገባ ጊዜ፣ የጫጉላ ቀኖቻቸውን ያሳለፉት በዮርክሻየር ሸለቆዎች እየተዘዋወሩ ላሞችን በመመርመር ነበር። እርሱ ይለካል፤ እርሷ ቍጥሩን ትመዘግባለች። ትዳራቸው በሥራ ተጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሞች ወደ ጦር ሠራዊት እንዲገቡ አይገደዱም ነበር። ዋይት ግን በፈቃዱ በኖቬምበር 1942 ወደ አየር ኃይል ገብቶ የአብራሪነት ትምህርት ጀመረ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሕመም ተነሥቶበት ቀዶ ሕክምና ስለ ተደረገለት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰናብቶ ወደ ተርስክ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወንድ ልጁንና ሴት ልጁን እያሳደገ፣ ከከብቶች በተላለፈበት በሽታ አልፎ አልፎ በትኩሳት እየተሠቃየ፣ ዓመት ከዓመት ያለ ዕረፍት ሠራ። ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ በመኪናው ተሳፍረው ወደ ሥራ ይከተሉት ነበር፤ ካደጉም በኋላ ወንዱ የእንስሳት፣ ሴቲቱም የሰው ሐኪም ሆኑ።

ዋይት በሰው ዘንድ የሚታወቀው በጨዋነቱና በቀልደኛነቱ ነው። በ1960 እና በ1961 ግን ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ያዘው፤ እስከ ሆስፒታል ሕክምናም አደረሰው። ሥቃዩን ለሌሎች ከመግለጥ ይልቅ በውስጡ መሰወርን ስለ መረጠ፣ ብዙ የሚያውቁት ሰዎች ምን ያህል እንደ ተጐዳ አልተረዱም። የማይናገሩትን ፍጡራን ሕመም ፈልጎ የሚያገኘው ሐኪም የራሱን ሕመም መናገር አልቻለም ነበር። ቢሆንም በሕክምናና በቤተሰቡ ድጋፍ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ ሥራውንም አልተወም።

በሥራው የሚያጋጥሙትን አስገራሚና አስቂኝ ነገሮች ለሚስቱ ማታ ማታ የመንገር ልማድ ነበረው። አንድ ቀንም በመጽሐፍ እጽፋቸዋለሁ ይል ነበር፤ ነገር ግን ዓመታት አለፉ። ሚስቱ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንግዲህ መጻፍ እንደማይጀምር ባሳሰበችው ጊዜ፣ ነገሩ ከልቡ ገባ። የጽሕፈት መኪና ገዝቶ፣ ቀን ከብት ሲያክም ውሎ ማታ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን በሚያይበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ መልካም አልነበሩም። ዓረፍተ ነገሮቹ የተጌጡና የከበዱ ነበሩ፤ ስለማያውቃቸው ጉዳዮችም ይጽፍ ነበር። አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱለት። ስለዚህ የታወቁ ደራስያንን ሥራዎች በጥንቃቄ እያነበበ የአጻጻፋቸውን ዘዴ መረመረ፤ የራሱንም ጽሑፍ ደጋግሞ እየሰረዘ አስተካከለ። በመጨረሻ የተሳካለት ሁለት ነገር ባደረገ ጊዜ ነው። አንደኛው፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ወዳጅ እንደሚያወጋ ሰው በቀላል ቋንቋ መጻፉ ነው። ሁለተኛውም፣ በሚገባ ስለሚያውቀው ስለ በረቱ፣ ስለ ገበሬውና ስለ ገዛ ራሱ ስሕተት መጻፉ ነው።

በዘመኑ የሙያው ደንብ ሐኪም ራሱን እንዳያስተዋውቅ ይከለክል ስለ ነበር የብዕር ስም አስፈለገው። አንድ ቀን የእግር ኳስ ውድድር በቴሌቪዥን ሲመለከት ጂም ሄሪየት የተባለው በረኛ ጥሩ ጨዋታ ሲጫወት አየና ስሙን ወሰደ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1970 ታተመ፤ ሽያጩ ግን ዝግ ያለ ነበር። በ1972 የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ተጠቃለው በአሜሪካ ሲወጡ ዝናው በአንድ ጊዜ ገነነ። መጻሕፍቱ ውሎ አድሮ በሚሊዮን በሚቈጠር ቅጅ ተሸጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የዋይት መጻሕፍት ከእውነተኛ ሕይወት ቢቀዱም ድርሰት እንጂ መዝገብ አይደሉም። የመጽሐፉ ሐኪም ወደ አውራጃው የሚመጣው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ዋይት ግን የመጣው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ዳሮቢ የተባለችው ከተማ ተርስክና ሌሎች የአካባቢው ከተሞች ተዋሕደው የተፈጠረች ናት። ሲንክሌር በመጽሐፉ ሲግፍሪድ ተብሎ ተሥሏል። ሲንክሌርም አሣሣሉን አልወደደውም ነበር፤ የቀድሞ ወዳጅነታቸው ግን በዚህ አልፈረሰም።

በጃንዋሪ 1978 ቢ.ቢ.ሲ. በመጻሕፍቱ ላይ የተመሠረተውን ተከታታይ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ፊልሙ እስከ 1990 ድረስ በ90 ክፍሎች ቀርቧል። ተዋንያኑ በእውነተኛ በረት ውስጥ፣ በእውነተኛ ላሞች መካከል ይሠሩ ስለ ነበር ተመልካቹ የገጠሩን ሐኪም ሥራ በቅርብ ለማየት ቻለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎብኝዎች ወደ ተርስክ መጡ፤ መጽሐፋቸውን ለማስፈረምም በሐኪሙ ደጅ ተሰለፉ። ዋይት በትሕትና ይፈርምላቸውና ወደ ከብቶቹ ይመለስ ነበር። በ1970ዎቹ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 83 በደረሰ ጊዜ ሌሎች ባለጸጎች አገራቸውን ትተው ሲወጡ፣ እርሱ ግብሩን እየከፈለ በተርስክ ቀረ። በ1979 ከመንግሥት የክብር ኒሻን ተሸልሟል። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ዝናውን ከቍም ነገር አልቈጠሩትም፤ ለእነርሱ በሌሊት ሲጠሩት የሚመጣ ሐኪም ነበር። እርሱም ራሱን የሚቈጥረው እንዲሁ ነበር።

ዋይት በ1991 ካንሰር እንደያዘው ታወቀ፤ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1995 በ78 ዓመቱ በተርስክ አጠገብ ባለው መኖሪያ ቤቱ ዐረፈ። የረጅም ዘመን ባልደረባው ሲንክሌርም በዚያው ዓመት ሞተ። በዮርክ ካቴድራል በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ላይ ከ2,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተገኘ። የከርክጌቱ ቤት በ1999 ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። ሥራው ግን አልተቋረጠም፤ የሕክምና ድርጅቱ ከከተማው ጫፍ ወዳለ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። በ2015 የዚሁ ድርጅት ሐኪሞች በየበረቱ ሲሠሩ የሚያሳይ ሌላ የቴሌቪዥን ዝግጅት መቅረብ ጀመረ፤ ከሐኪሞቹም አንዱ በወጣትነቱ ከዋይት ዘንድ ሥራ የተማረ ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት ድርሰት የሚማር ተማሪ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ዋይት ስለ ሩቅ አገርና ስለማያውቀው ነገር በከባድ ቃላት ሲጽፍ አልሆነለትም፤ በየቀኑ ስለሚያየው በረት በቀላል ቃላት ሲጽፍ ግን ዓለም አደመጠው። ይህንም ያገኘው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ወድቆና ብዙ ገጽ ሰርዞ ነው። ሕሙሙ ያልነገረውን በትዕግሥት አስተውሎ የማወቅ ልማዱ ለላሚቱም፣ ለድርሰቱም በጅቶታል።