ስድስት ማይል ቀጥ ያለ ውኃ፦ አልፍሬድ ረስል ዋላስና የምድር ቅርጽ ውርርድ

አልፍሬድ ረስል ዋላስ በአብዛኛው የሚታወሰው ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ነው። ሁለቱም በየፊናቸው የደረሱበት የተፈጥሯዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ በ1858 በለንደኑ ሊኒያን ማኅበር ፊት በአንድ ቀን ተነቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ከ12 ዓመት በኋላ የገባበት ውርርድ ግን በሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ይጠቀሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በዚያ መልክ አያየውም። ውርርዱ ዋላስን ገንዘቡን፣ ሰላሙንና በከፊልም ክብሩን አስከፍሎታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በትክክል የታየ ነገር እንዴት በተሳሳተ መንገድ ሊነበብ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ዋላስ ጥር 8 ቀን 1823 በዌልስ ድንበር በምትገኘው በኧስክ ከተማ አጠገብ ተወለደ። የአባቱ ሀብት እየተሟጠጠ በመሄዱ በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርት አቋርጦ ከታላቅ ወንድሙ ከዊልያም ጋር የመሬት ቅየሳ ሥራ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሰንሰለት መዘርጋትን፣ ማዕዘን መለካትንና ውኃ ልክ ማንበብን የተማረው በእርሻ ማሳዎች ላይ ነው። በ1848 ከሄንሪ ዋልተር ቤትስ ጋር ወደ አማዞን ተጓዘ። በ1852 ሲመለስ መርከቡ ተቃጥላ የሰበሰበው ሁሉ ጠፋ፤ እርሱም ዐሥር ቀን በትንሽ ጀልባ ላይ ተንሳፎ ከሞት ተረፈ። ከ1854 እስከ 1862 በማሌይ ደሴቶች ቆይቶ ከ125,000 በላይ የእንስሳት ናሙናዎች ሰበሰበ። ይህ ሁሉ ዝና ቢያስገኝለትም ቋሚ ሥራ አላስገኘለትም። በ1870 ዕድሜው 47 ሲሆን ሁለት ሕፃናት ልጆች ነበሩት፤ የሚተዳደረውም ከመጻሕፍትና ከጽሑፍ በሚያገኘው ገቢ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ወር ጆን ሃምፕደን የተባለ ሰው የማንኛውም ወንዝ፣ ቦይ ወይም ሐይቅ ገጽ ጉብጠት እንዳለው ለሚያሳየው ሰው 500 ፓውንድ እንደሚከፍል በአንድ የሳይንስ መጽሔት አስታወቀ። ተወራራጁም ያንኑ ያህል ገንዘብ ማስያዝ ነበረበት። ሃምፕደን እምነቱን የወሰደው «ፓራላክስ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ከነበረው ከሳሙኤል ሮውቦተም ነው። ሮውቦተም በ1838 በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ ምድር ላይ ስድስት ማይል ያህል ቀጥ ብሎ በሚዘልቀው የኦልድ ቤድፎርድ ቦይ ገብቶ፣ ዓይኑን ከውኃው 8 ኢንች ብቻ ከፍ አድርጎ አንዲት ባንዲራ የተከለች ጀልባ ስትርቅ ተመልክቷል። በምድር ጉብጠት ስሌት መሠረት ጀልባዋ ስድስት ማይል ስትደርስ ከ16 ጫማ በታች ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ መሸፈን ነበረበት። ባንዲራዋ 5 ጫማ ያህል ብቻ ከፍ ያለች ብትሆንም እስከ መጨረሻው ታየችው።

ሮውቦተም ዋሽቷል ለማለት የሚያስገድድ ምክንያት የለም። ቀዝቃዛ ውኃ ከላዩ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የታችኛው አየር ከላይኛው ይልቅ ጥቅጥቅ ይላል። ብርሃንም በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ሲያልፍ ወደ ጥቅጥቁ ክፍል ይጎብጣል፤ ይህም የብርሃን ስብረት ነው። ጨረሩ ለውኃው በቀረበ መጠን ጉብጠቱ ስለሚያይል የምድርን ጉብጠት ተከትሎ ሊሄድና ከአድማስ በታች ያለውን ነገር ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ የተታለለው ዓይን አይደለም፤ ዓይን የደረሰውን ብርሃን በታማኝነት ተቀብሏል። ስሕተቱ ብርሃኑ ቀጥ ባለ መስመር እንደመጣ መገመቱ ላይ ነው።

ዋላስ ውርርዱን ከመቀበሉ በፊት የሥነ ምድር ሊቁን ቻርልስ ላየልን አማከረ፤ ላየልም እንዲቀበል መከረው። የሁለቱ ወገን ገንዘብ «ዘ ፊልድ» የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ በሆነው በጆን ሄንሪ ዋልሽ እጅ ተቀመጠ። ሃምፕደን በበኩሉ ዳኛ አድርጎ የመረጠው ዊልያም ካርፔንተርን ነው። ካርፔንተር ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን ራሱም ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። ዋላስ ይህን ምርጫ ሳይቃወም ማለፉ በእኔ ግምት ከሙከራው በፊት የሠራው ትልቁ ስሕተት ነው።

ሙከራው መጋቢት 5 ቀን 1870 በዚያው ቦይ ላይ ተካሄደ። የዋላስ የቅየሳ ልምድ የታየው እዚህ ነው። የዕይታ መስመሩን ከውኃው ወደ 13 ጫማ ከፍ በማድረግ ከታችኛው አየር አራቀው። በኦልድ ቤድፎርድ ድልድይ ላይ መሃሉ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ አቡጀዲ ሰቀለ፤ በዌልኒ ድልድይ ላይ ቴሌስኮፑን ከጥቁሩ መስመር ጋር እኩል ከፍታ ላይ አኖረ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ቀይ ክብ ሰሌዳ የተገጠመበት ረጅም እንጨት አቆመ። የሰሌዳው ማዕከል እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከውኃው እኩል ከፍ ያለ ነበር። ከእርሱ 4 ጫማ ዝቅ ብሎ የተገጠመው ሁለተኛ ሰሌዳ ለግምት መለኪያ ያገለግላል። ውኃው ጠፍጣፋ ከሆነ የመካከሉ ሰሌዳና የሩቁ መስመር በአንድ ልክ መታየት ነበረባቸው። ጉብጠት ካለው ግን የመካከሉ ሰሌዳ 6 ጫማ ያህል፣ የብርሃን ስብረት ሲቀነስ ደግሞ 5 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በቴሌስኮፑም ሰሌዳው በግልጽ ከፍ ብሎ ታየ።

ካርፔንተር ያየውን አልካደም። ከፍ ብሎ የታየው በፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም ርቀት የነገሮችን አቀማመጥ ለዓይን በሚቀይርበት ሕግ ምክንያት ነው አለ። ውኃ ልክና የመስቀል ክር ባለው ቴሌስኮፕም ታየ። በዚህ ጊዜ የመካከሉ ሰሌዳ ከአግድሙ ክር በታች፣ የሩቁ መስመር ደግሞ ከሰሌዳው በታች ታዩ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እኩል ነበር። ካርፔንተር ክፍተቱ እኩል ከሆነ ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው ብሎ ድል አወጀ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ በሙከራው ሁሉ ውስጥ ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ ነጥብ ይመስለኛል። የምድር ገጽ ከአግድሙ መስመር የሚወርድበት መጠን በርቀቱ ካሬ ያድጋል፤ በ3 ማይል 6 ጫማ፣ በ6 ማይል 24 ጫማ ያህል። ዓይን የሚያየው ግን ማዕዘንን ነው፤ ማዕዘኑም ውረደቱ ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 2 ከሆነ ሁለተኛው 4 ይሆናል። እኩል ክፍተት የጉብጠቱ ማስረጃ እንጂ ማፍረሻው አይደለም። በጠፍጣፋ ምድር ላይ ቢሆን ሦስቱም በክሩ ላይ ባረፉ ነበር። ፐርስፔክቲቭ ከዓይን ልክ በላይ ያለውን ወደ ታች፣ ከዓይን ልክ በታች ያለውን ወደ ላይ ያቀርባል፤ ከዓይን ጋር እኩል የሆነውን ግን ከልኩ በታች ሊያወርደው አይችልም። ካርፔንተር ትክክለኛ ሥዕል በእጁ ይዞ ተቃራኒውን አነበበበት።

ዋልሽ ለዋላስ ፈርዶ ገንዘቡን ከፈለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የዘለቀ ስደት ነው። ሃምፕደን ዋላስን ሌባና አጭበርባሪ እያለ ለሚስቱ፣ ለጎረቤቶቹና ለሳይንስ ማኅበራት ጻፈ። በ1871 በስም ማጥፋት ተከሶ 600 ፓውንድ ካሳ ቢፈረድበትም ንብረቱን አስቀድሞ ለዘመድ አዛውሮ ስለነበር ዋላስ ምንም አላገኘም። ሃምፕደን ቢታሰርም ከእስር ሲወጣ መጻፉን ቀጠለ። በ1876 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሃምፕደን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መልሱልኝ ብሎ ስለነበርና ውርርድ በሕግ የማይጸና ስለሆነ ያስያዘው እንዲመለስለት ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የውርርዱን ሕጋዊነት እንጂ የምድርን ቅርጽ አልነበረም፤ ከፋዩ ግን በመጨረሻ ዋላስ ሆነ።

ጉዳቱ በገንዘብ አላበቃም። በ1879 ዳርዊን ለዋላስ የመንግሥት ጡረታ ለማስፈቀድ ሲያስብ የዕፅዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር ተቃወመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ዋላስ በሙታን መናፍስት ማመኑ ሲሆን ሌላው ይኸው ውርርድ ነበር። በሁከር ዓይን አንድ የሳይንስ ሰው አስቀድሞ በተረጋገጠ ነገር ላይ ተወራርዶ ገንዘብ መቀበሉ ነውር ነው። ትችቱ ጭካኔ ቢኖርበትም ባዶ አይደለም። ቀይ ሰሌዳውን ከታችኛው አየር ለማራቅ የተጠነቀቀው ዋላስ በጨለማ ክፍል ውስጥ መናፍስት ጠሪዎች ያሳዩትን በዓይኑ ስላየ ብቻ ማመኑ አንባቢውን ማስገረሙ አይቀርም። በዳርዊንና በሀክስሊ ጥረት በ1881 በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ተፈቀደለት።

ቦዩም ጸጥ አላለም። በ1901 ዩል ኦልድሃም የተባለ የጂኦግራፊ መምህር የዋላስን ዘዴ ተከትሎ ሙከራውን ደግሞ ጉብጠቱን በድጋሚ አገኘ። በ1904 ደግሞ የጠፍጣፋ ምድር አማኞች የቀጠሩት ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን ለውኃው ቅርብ አድርጎ በሩቁ ድልድይ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ጨርቅ ፎቶ አነሣ፤ ሮውቦተም ካየው ጋር የሚመሳሰል ውጤትም አገኘ። ዋላስ በዚያን ጊዜ የ81 ዓመት አዛውንት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የቤድፎርዱን ሙከራ በዝርዝር ተርኮ ውርርዱን በሕይወቱ እጅግ ከሚጸጸትባቸው ነገሮች ቆጠረው። በኅዳር 7 ቀን 1913 በብሮድስቶን በ90 ዓመቱ ዐረፈ።